ጃፓንኛ እየተማራችሁ ከሆነ በዓሉን ከዳር ቆማችሁ አትዩት

ጃፓንኛ የሚማሩ ልጆች፣ በተለይ ስኮላርሺፕ አግኝተው ሻንጣ እያዘጋጁ ያሉት፣ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «የትኛውን በዓል ልይ?» ይሉኛል። ዝርዝር ይዘው ነው የሚመጡት፤ ጊዮን፣ ነቡታ፣ ታናባታ፣ ሂናማትሱሪ። መማሪያ መጽሐፉ ላይ ባለ ቀለም ፎቶ አለ፣ ከሥሩ የቃላት ዝርዝር፣ ከዚያ «እውነት ወይም ሐሰት» ጥያቄ። ቃሉን ሸምድደው ፈተናውን ያልፋሉ። የበዓሉ ቀን ሲመጣ ግን ስልካቸውን ከፍ አድርገው ከገመዱ ወዲያ ይቆማሉ። ቪዲዮ ይቀርጻሉ፣ ይለጥፋሉ፣ አለቀ።

ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ለቋንቋ ተማሪ በዓል ከክፍል የሚበልጥበት ምክንያት አለው። ነገሩ ወዲህ ነው። በበዓል ቀን ጃፓኖቹ ራሳቸው አዲስ ዓረፍተ ነገር አይፈጥሩም። የሚባለው የታወቀ ነው፣ የሚባልበት ሰዓትም የታወቀ ነው። ፕሮፌሰሩም፣ ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) ሻጩም፣ የስድስት ዓመቷ ልጅም ያንኑ ይላሉ። ስለዚህ ጥቂት መቶ ቃል ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ለአንድ ቀን ከእነሱ እኩል ይናገራል። በሌላ ቀን ይሄ ዕድል የለም። ባንክ ቤት ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት ወረፋ ላይ ቆማችሁ ፎርም ስትሞሉ ታዩታላችሁ፣ የተማራችሁት ሁሉ ከአፋችሁ ብን ብሎ ይጠፋል።

ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከአዲስ ዓመት ልጀምር። ሰዓት ማለት ምን እንደሆነ እሱ ላይ በደንብ ይታያል። ዲሴምበር 28 ላይ ለጎረቤታችሁ «አኬማሽቴ ኦመደቶ ጎዛይማስ» ብትሉ በትሕትና ፈገግ ይላል፣ ግን ትንሽ ግራ ይጋባል። ይሄ «እንኳን አደረሰህ» ዓመቱ ከገባ በኋላ ነው የሚባለው። ከዚያ በፊት ያለው «ዮይ ኦቶሺ ኦ» ነው፣ መልካም አዲስ ዓመት ይሁንልህ እንደማለት። ዲሴምበር 31 ሌሊት የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ደወላቸውን 108 ጊዜ ይደውላሉ። ቁጥሩ ሰውን የሚያስጨንቁት ምኞቶች ቁጥር ነው ይባላል። በብዙ ቦታ 107ቱ በአሮጌው ዓመት፣ የመጨረሻው አንድ በአዲሱ ይመታል። ተሰልፎ የመጣ ሰው ሁሉ ተራው ሲደርስ የሚደውልባቸው ቤተ መቅደሶችም አሉ። እንደዚህ ያለ ሰልፍ ውስጥ ግቡ። እኩለ ሌሊት እስኪሆን አንዱን ሰላምታ ትሰማላችሁ፣ ልክ ሲሆን በሰልፉ ሁሉ ይቀየራል። መጽሐፍ ይሄን በምንም ዓይነት ሠንጠረዥ አያስረዳችሁም።

ሌላም አለው። የአዲስ ዓመት ፖስት ካርድ እስከ ዲሴምበር 25 ፖስታ ቤት ከገባ ጃንዋሪ 1 ቀን ይደርሳል፤ ፖስተኞቹ ዓመት በዓል ላይ ነው ሥራቸው የሚደራው። ግን በዚያ ዓመት ሰው የሞተበት ቤተሰብ አስቀድሞ ካርድ ልኮ ሐዘን ላይ መሆኑን ያሳውቃል። ለዚያ ቤት የደስታ ካርድ አይላክም፣ «ኦመደቶ»ም አይባልም። ልጆች ያሉበት ቤት ከተጋበዛችሁ ደግሞ ትንሽ ፖስታ ውስጥ ብር ያዙ። አዲስ፣ ያልተጨማደደ ኖት ቢሆን ይመረጣል። ተማሪ ነኝ ማለት ብዙም አያድንም፣ ልጆቹ ዓይን ዓይናችሁን ነው የሚያዩት።

አሁን ወደ ትልቁ። ኪዮቶ፣ ጊዮን ማትሱሪ፤ ማትሱሪ ማለት በዓል ነው። (ስሙ ከኛ ግዮን ጋር ዝምድና የለውም፣ ግን አንድ ሐበሻ መጀመሪያ ሲሰማው ፈገግ ማለቱ አይቀርም።) በ869 አገሪቱ ላይ ወረርሽኝ ገባ። ሰዉ መቅሠፍቱን የላከው የተቆጣ መንፈስ ነው ብሎ ያምን ነበርና በጊዜው በነበሩት ግዛቶች ቁጥር ልክ 66 ረጃጅም ጦር አቁሞ ቁጣው እንዲበርድ ለመነ። በዓሉ ከዚያ ወዲህ ነው። በ1467 በጀመረው የኦኒን ጦርነት ከተማዋ ስትቃጠል ተቋረጠ፣ በ1500 ተመለሰ። በኮቪድ ጊዜ፣ 2020 እና 2021፣ የበዓሉ ግዙፍ ሠረገላዎች ሰልፍ ቀርቷል። ለወረርሽኝ የተጀመረ በዓል በወረርሽኝ ቀረ፣ ጉድ ነው።

በዓሉ የአንድ ቀን ነገር አይደለም፣ ሙሉውን ጁላይ ይይዛል። ቱሪስቱ የሚመጣው ለጁላይ 17 ጠዋት ነው፣ ለሠረገላዎቹ። የዚያን ቀን 23 ሠረገላ ይወጣል፣ ጁላይ 24 ደግሞ 11። ሁለተኛው ሰልፍ ለብዙ ዓመት ከመጀመሪያው ጋር ተቀላቅሎ ነበር፣ በ2014 ነው እንደገና ለብቻው የሆነው። ታካያማ የሚባለው ሠረገላ በ1826 በማዕበል ተጎድቶ ከሰልፉ ከወጣ በኋላ የተመለሰው በ2022 ነው። ወደ ሁለት መቶ ዓመት ሊጠጋ! በነዚያ ሁሉ ዓመታት የሰፈሩ ሰዎች ሠረገላ ሳይኖራቸው የተረፈውን ዕቃ እየጠበቁ ቆዩ። እኔን ከሰልፉ በላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ትልልቆቹ ሠረገላዎች ቁመታቸው 25 ሜትር ገደማ ነው፣ ክብደታቸው ወደ 12 ቶን። ሚስማር የላቸውም፣ እንጨቱ የሚያያዘው በገመድ ነው። ከሰልፉ ቀናት በፊት መንገድ ላይ ሲገጣጥሟቸው ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ለኔ ከሰልፉ ይልቅ ይሄ ይጥመኛል። ሰው አይበዛም፣ ሠራተኞቹም ሲያርፉ ያወራሉ። «ኮሬ ዋ ናን ደስ ካ» (ይሄ ምንድን ነው) ብላችሁ ብትጠይቁ ረጅም መልስ ታገኛላችሁ። ግማሹ አይገባችሁም፣ ምንም አይደለም። ጎን ጎናቸው ላይ የሚሰቀለው ጨርቅ ደግሞ ከየት እንደመጣ ብትሰሙ ትገረማላችሁ። ካንኮቦኮ የሚባለው ሠረገላ ፊት ላይ ያለው በ16ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ የተሠራ ጨርቅ ነው፣ ሥዕሉም ርብቃ ውኃ ስታጠጣ ነው። የኦሪት ዘፍጥረቷ ርብቃ። የሺንቶ፣ ማለትም የጃፓን ነባር ሃይማኖት፣ በዓል ላይ፣ ኪዮቶ መሀል። ያንን የማያውቅ ሐበሻ አጠገቡ ቆሞ ሳያየው ያልፋል።

ሠረገላዎቹ መሪ የላቸውም። ጎማቸው ትልቅ እንጨት ነው፣ ወደ ፊት እንጂ ወደ ጎን አይዞርም። መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርሱ ታዲያ እንዴት ይታጠፋሉ? ሺጆና ካዋራማቺ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሰዎቹ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ከጎማው ሥር ያነጥፋሉ፣ ውኃ ያፈሱበታል፣ ገመዱን ወደ ጎን ይዘው ይሰለፋሉ። ከሠረገላው ፊት የቆሙት ሰዎች ማራገቢያቸውን ዘርግተው ይጮኻሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ባንድ ላይ ይስባል። እንጨቱ ይንቋረራል፣ ጫፉ ከሰማይ ጋር ይወዛወዛል፣ 12 ቶን በቀርከሃው ላይ ሸርተት ይልና ይቆማል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። እንደገና ያነጥፋሉ፣ እንደገና ይስባሉ። ዘጠና ዲግሪ ለመዞር ደጋግሞ ነው። ገመድ ጎታቾቹ ውስጥ ፈቃደኛና ተማሪ ብዙ ነው፣ የውጭ አገር ተማሪም አለበት። ለዚህ ነው «አትዩት» የምለው። ከገመዱ ወዲህና ወዲያ ያለው ልዩነት አስቀድሞ መመዝገብ ነው። አንዳንዶቹ ሠረገላዎች ላይ ሴት እንዳትወጣ የሚከለክለው ልማድ ግን እስካሁን አለ፤ እህቶቼ፣ ይሄንን አስቀድማችሁ እወቁት፣ ደጁ ላይ ከመናደድ ይሻላል። ለኔ የሚከላከሉለት ነገር አይታየኝም።

ደግሞ አብዛኛው ቱሪስት የማያውቀው ነገር አለ። ጠዋት ያየው ሠረገላ መንገድ ጠራጊ ነው። መንገዱን ከክፉ መንፈስ ያጸዳል ተብሎ ነው የሚወጣው፣ ሥራውን ሲጨርስም በዚያው ቀን ይፈርሳል። አማልክቱ የሚወጡት ማታ ነው። ጁላይ 17 ሲመሽ ከያሳካ መቅደስ ሦስት ሚኮሺ፣ ማለትም መለኮቱ የሚሳፈርበት በወርቅ ያጌጠ ተንቀሳቃሽ ቤት፣ በሰው ትከሻ ይወጣሉ። «ሆይቶ! ሆይቶ!» እያሉ ከተማውን ዞረው ሺጆ መንገድ ላይ ያለው ማረፊያቸው ይገባሉ፣ በ24 ማታ ይመለሳሉ። ቱሪስቱ በዚያ ሰዓት ሆቴሉ ገብቶ ሻወር እየወሰደ ነው። እናንተ ግን ውጡ።

ከሰልፉ በፊት ያሉት ምሽቶችም ለጆሮ ጥሩ ናቸው። መንገዱ ለመኪና ይዘጋል፣ ፋኖስ ይበራል፣ ሰው በሰው ላይ ነው፣ መርፌ መጣያ ቦታ የለም። በየሠረገላው አጠገብ ዩካታ (ስስ የጥጥ ኪሞኖ) የለበሱ ሕፃናት ተደርድረው ክታብ ይሰጣሉ፣ እየዘመሩ። ከዜማቸው ውስጥ «ትሱኔ ዋ ደማሰን፣ ኮንባን ካጊሪ» የሚል አለበት። ሁልጊዜ አይወጣም፣ ዛሬ ማታ ብቻ። በትንሽ ልጅ አፍ የድሮ አነጋገር ነው። ቅረጹት፣ ቤት ገብታችሁ ደጋግማችሁ ስሙት። የሚሰጡት ነገር ቺማኪ ይባላል፣ በቀርከሃ ቅጠል የተጠቀለለ ነው፣ በር ላይ ይሰቀላል። በተመሳሳይ ስም የሚጠራ የሚበላ ምግብ ስላለ ቅጠሉን ፈትቶ የሚፈልግ የውጭ ሰው አይጠፋም። ውስጡ ምንም የለም! ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ «የሶሚን ሾራይ ዘር ነኝ» ይላል። ሶሚን ሾራይ በተረቱ ውስጥ ለእንግዳ አምላክ ባዶ ቤቱን ከፍቶ የማሽላ እህል ያበላ ድሃ ነው፤ እንግዳው በምላሹ ዘርህን ከመቅሠፍት እጠብቃለሁ አለው። እንግዳ ተቀብሎ የተባረከ ድሃ ታሪክ ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለ ዩካታ አንድ ነገር ብቻ። ስትለብሱት የግራው ክንፍ ከላይ ይሁን፣ የቀኙ ከሥር። በተቃራኒው የሚለበሰው ሬሳ ነው። መንገድ ላይ አንዲት እናት መጥታ ሳትጠይቃችሁ ብትፈታባችሁና መልሳ ብታስርላችሁ አትደንግጡ፣ እያዳነቻችሁ ነው።

እሺ፣ ግን ከዚህ ሁሉ የምመክረው ትልቁን በዓል አይደለም። የሰፈራችሁን ነው።

ቶኪዮ ያለው ሐበሻ በብዛት ካትሱሺካ አካባቢ ነው የሚኖረው፣ ከከተማዋ በስተምሥራቅ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ከዚያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነበርኩ። ያ አካባቢ የድሮ ሰፈር ነው፤ ጠባብ መንገድ፣ ትንንሽ ሱቅ፣ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ሚኮሺ። ችግሩ ሰዉ አርጅቷል። ሚኮሺው አለ፣ ተሸካሚ የለም። ስለዚህ ወጣት ትከሻ ያለው ሰው፣ የየትም አገር ሰው ይሁን፣ በክብር ነው የሚቀበሉት። የኛን ሰፈር በዓል የሚያስተባብሩት ቶፉ የሚሠሩ አዛውንት ነበሩ። «ጃፓንኛ አልችልም» አልኳቸው፣ በጃፓንኛ። እሳቸው ትከሻዬን ጨበጥ ጨበጥ አድርገው አዩና «ይሄ ይችላል» አሉ። ሃንቴን ሰጡኝ፣ ጀርባው ላይ የሰፈሩ ስም የተጻፈበት አጭር ካባ። እሱን ሳትለብሱ ሚኮሺ አትነኩም። ከለበሳችሁ በኋላ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ናችሁ፣ ማንም ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም።

ቪዲዮውን ያየ ሐበሻ ሁሉ «እንደ ጥምቀት ነው» ይለኛል። ከሩቅ ሲታይ ይመስላል። ቅዱስ ነገር ከቤቱ ይወጣል፣ ሕዝብ ያጅበዋል፣ ይመለሳል። ግን ታቦት የሚያከብረው ካህን ነው፣ እዚህ የሚሸከመው አትክልት ነጋዴው፣ የታክሲ ሹፌሩና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ነው። ታቦት በእርጋታ ነው የሚሄደው፤ ሚኮሺ ሆን ተብሎ ይናጣል፣ ወደ ላይ ይወረወራል፣ መለኮቱ በዚያ ይነቃቃል ብለው ያምናሉ። ክብሩም በሌላ መንገድ ነው የሚገለጸው፤ ለምሳሌ ሚኮሺ ሲያልፍ ከፎቅ ላይ ቁልቁል ማየት ነውር ነው። ውኃ መረጨት የናፈቀው ደግሞ በኦገስት ፉካጋዋ ይሂድ፣ እዚያ ተሸካሚዎቹ ላይ በባልዲ ነው የሚደፋው።

አሁን ቋንቋው። ሚኮሺ ሥር ስትገቡ ከፊታችሁ ጀርባ፣ ከኋላችሁ ትንፋሽ፣ ትከሻችሁ ላይ ካሬ እንጨት አለ። ፎጣ አጥፋችሁ ሥሩ ካላደረጋችሁ ቆዳችሁ ይላጣል። ቁመት ወሳኝ ነው፤ ረጅም ከሆናችሁ ክብደቱ ሁሉ እናንተ ላይ ያርፋል፣ አጭር ከሆናችሁ እንጨቱ ላይ ተንጠልጥላችሁ ትሄዳላችሁ። ጩኸቱ እዚያ አካባቢ «ሶይያ! ሶይያ!» ነው፣ ሌላ ቦታ «ዋሾይ» ይባላል። ጩኸቱ ጌጥ እንዳይመስላችሁ፣ እርምጃ የሚያስተካክለው እሱ ነው። ዝም ያለ ሰው እግሩ ይሳሳታል፣ የሌላውን ተረከዝ ይረግጣል። በዚያ መሀል ከፊት የሚመጣው ትእዛዝ ሁሉ አጭር ነው። «ሚጊ!» ወደ ቀኝ። «ሳጌሮ!» ዝቅ አድርግ። «አገሮ!» አንሳ። «ኮታይ!» ተቀያየሩ። ክፍል ውስጥ በትሕትና ቅጥያ ብቻ ስንናገር ነው የከረምነው፤ ይሄን ደረቅ ትእዛዝ መጽሐፉ «ለወታደርና ለተቆጣ አባት» በሚመስል መንገድ በአንድ ገጽ ያልፈዋል። እዚህ ግን ስድብ የለበትም፣ ጊዜ ስለሌለ ነው። ትእዛዙን ካልሰማችሁ እንጨቱ ያስተምራችኋል። እኔ «አገሮ» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ረስቼው አላውቅም፣ የግራ ትከሻዬም አይረሳውም።

መጨረሻ ላይ ሚኮሺው ሲያርፍ ሁሉም ባንድ ላይ ያጨበጭባል። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አንድ። አስቀድሞ አንዱ «ኢዮ!» ይላል። ይሄንን ምት ከያዛችሁ በሠርግም፣ በመሥሪያ ቤት ግብዣም ያገለግላችኋል። ከዚያ ወደ ሰፈሩ አዳራሽ። የሩዝ ኳስ፣ ቢራ፣ ኤዳማሜ። የራሳችሁን ብርጭቆ ራሳችሁ አትሙሉ፣ ለጎናችሁ ላለው ሰው ቅዱ፣ እሱ ይቀዳላችኋል። በዚያ ምሽት የሚያስፈልጋችሁ ዓረፍተ ነገር «ኦትሱካረሳማ ደሽታ» ብቻ ነው፣ በርቱ ደክማችኋል እንደማለት። ለሁሉም ሰው በሉት፣ ሁሉም ሰው ይመልስላችኋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨዋታ ይደራል ብላችሁ ታምናላችሁ? ይደራል።

ትከሻ የሌለው፣ ወይም ሰው መንካት የማይወድ፣ ቦን ኦዶሪ፣ ማለትም የኦቦን ጭፈራ፣ ይሂድ። ኦቦን የሙታን ነፍስ ወደ ቤት የምትመጣበት ጊዜ ነው፣ በአብዛኛው አገር ከኦገስት 13 እስከ 16። ቶኪዮ ውስጥ ብዙ ሰፈር በጁላይ ያደርገዋል። ልዩነቱ የመጣው ጃፓን በ1873 ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትዞር ነው፤ አንዳንዱ ቁጥሩን ይዞ ቀረ፣ አንዳንዱ ወቅቱን ጠበቀ። ታናባታ የሚባለው የኮከቦች በዓልም እንዲሁ ነው፣ በብዙ ቦታ ጁላይ 7፣ ሰንዳይ ግን ከኦገስት 6 እስከ 8። በሁለት አቆጣጠር ላደገ ሰው ይሄ ራስ አያዞርም። በኦቦን ቤት ውስጥ ከኪያርና ከባዝንጃን የተሠሩ ትንንሽ እንስሳት ታያላችሁ፣ እግራቸው ስንጥር ነው። ኪያሩ ፈረስ ነው፣ ሙታኑ ቶሎ እንዲመጡበት። ባዝንጃኑ ላም ነው፣ ሲመለሱ ቀስ ብለው እንዲሄዱ። ኪዮቶ ከሆናችሁ ኦገስት 16 ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከተማዋን የከበቡት ተራሮች ላይ ትልልቅ እሳት ይለኮሳል፣ አንዱ «ዳይ» (ትልቅ) የሚለውን ፊደል ቅርጽ ይዞ። በጀማሪ ክፍል መጀመሪያ ከምትማሯቸው ካንጂዎች (ከቻይና የመጡ ፊደላት) አንዱ ነው፣ ተራራ አክሎ በእሳት ሲጻፍ ማየት ሌላ ነገር ነው።

ቦን ኦዶሪው ራሱ ቀላል ነው። ሜዳ መሀል የእንጨት ማማ ይቆማል፣ ከበሮ መቺው እላዩ ላይ፣ ሰዉ ዙሪያውን ክብ ሠርቶ ይዞራል። ምዝገባ የለም፣ ልዩ ልብስ የለም። ከውስጠኛው ክብ ያሉት እናቶች ያውቁታል፣ እነሱን እያያችሁ መከተል ነው። ሁሉም ጋ የሚጨፈር አንድ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ጭፈራ አለ፤ ትቆፍራላችሁ፣ ትቆፍራላችሁ፣ ትከሻችሁ ላይ ትጭናላችሁ፣ ጨረቃዋን ቀና ብላችሁ ታያላችሁ፣ ጋሪውን ትገፋላችሁ። አራት ግሥ በእጃችሁ ተማራችሁ ማለት ነው። መጀመሪያ ሼም ይይዛል። ሁለተኛው ዙር ላይ ማንም እያያችሁ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

የምግብ ሱቆቹ ደግሞ የመቁጠሪያ ትምህርት ቤት ናቸው። ጃፓንኛ ዕቃ በቅርጹ እንደሚቆጠር ታውቃላችሁ፣ ሠንጠረዡም ስንቱን እንዳስለቀሰ። እዚህ «ሂቶትሱ ኩዳሳይ» ብላችሁ አንድ ያኪሶባ (የተጠበሰ የጃፓን ፓስታ) ትገዛላችሁ። ወርቃማ ዓሣ በወረቀት ማንኪያ የምትጠልፉበት ጨዋታ ላይ «ኢካይ» ትላላችሁ፣ አንድ ዙር። የያዛችሁት ዓሣ «ኢፒኪ» ነው። (ወረቀቱን በአግድም ቀስ ብላችሁ አስገቡት፣ ቀጥ አድርጋችሁ ከነከራችሁት ወዲያው ይቀደዳል። ለማንኛውም ይቀደዳል።) ኦርቶዶክስ የሆናችሁ ልብ በሉ፣ የኦገስቱ ኦቦን ፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው የሚውለው። ያኪሶባው ሥጋ አለበት፣ ብዙ ጊዜ የአሳማ፤ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም ጠይቁ። ታኮያኪው ውስጥ ያለው የባሕር እንስሳ ነው፣ ሊጡም እንቁላል አለው። የተፈጨው በረዶ ግን በሽሮፕ ብቻ ከሆነ ጾም ነው፣ ወተት እንዳያደርጉበት ቶሎ ንገሯቸው።

ከከተማ መውጣት ከቻላችሁ ሁለት ቦታ ልጠቁም፣ ሁለቱም መጤ የሚያስገቡ ናቸው። አኦሞሪ ከኦገስት 2 እስከ 7 ነቡታ አለ፤ ከወረቀት የተሠሩ ግዙፍ የበሩ ተዋጊዎች በሌሊት ይነዳሉ፣ ከፊታቸው «ራሴራ! ራሴራ!» እያለ የሚዘል ሕዝብ። የዘላዩን ልብስ ተከራይቶ የለበሰ ሰው ገብቶ መዝለል ይችላል። ቀውጢ ነው። ቶኩሺማ ደግሞ ኦገስት 12 እስከ 15 አዋ ኦዶሪ፤ እዚያ በለበሳችሁት ልብስ የምትገቡበት ለጎብኚ የተዘጋጀ ቡድን አለ። እዚያ የሚዘፈነው የታወቀ ግጥም የሚጨፍረውም ሞኝ የሚያየውም ሞኝ፣ እኩል ሞኝ ከሆንን ያልጨፈረ ከሰረ ይላል። ሆቴል ግን ወራት አስቀድማችሁ ያዙ።

የቀሩትን ላልፋቸው ነው። ማርች 3፣ በሂናማትሱሪ፣ የሴት ልጆች አሻንጉሊት ይደረደራል፣ ያምራል፣ ግን ሴት ልጅ ያለው ቤት ካልተጋበዛችሁ ከሱቅ መስኮት ውጪ አታዩትም። ሜይ 5 የዓሣ ቅርጽ ያለው ባንዲራ ይውለበለባል። ሰትሱቡን የሚባለው የጸደይ ዋዜማ ግን ለጀማሪ ምርጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፌብሩዋሪ 3 ይውላል፣ በ2021 እና በ2025 ግን 2 ላይ ነበር። የተጠበሰ አኩሪ አተር እየወረወራችሁ «ኦኒ ዋ ሶቶ፣ ፉኩ ዋ ኡቺ» ትላላችሁ፤ ሰይጣን ውጣ፣ ሲሳይ ግባ። አራት ስም፣ ሁለት «ዋ»፣ ሰዋስው ተጠናቀቀ። የዚያኑ ማታ ረጅም የሱሺ ጥቅል ወደ ዓመቱ መልካም አቅጣጫ ዞሮ ሳይናገሩ መብላት አለ። ለቋንቋ ተማሪ ዝም የሚባልበት ብቸኛ ልምምድ፣ እንኳን ደስ አላችሁ።

የሰፈራችሁን በዓል እንዴት ታገኛላችሁ? ኢንተርኔት ላይ ብዙ ጊዜ የለም። መንገድ ዳር ወይም መናፈሻው መግቢያ ላይ ባለ መስታወት የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ፣ የሰፈሩ ማኅበር የሚለጥፍበት። ከበዓሉ አንድ ወር አካባቢ ቀደም ብሎ ወረቀት ይወጣል። ቀኑን፣ መቅደሱን፣ «ቦሹ» (እንፈልጋለን) የሚለውን ካንጂ ፈልጉ። በአፕሪል የምትደርሱ ከሆነ ሜይ ላይ ብዙ ሰፈር በዓል ስላለው ቶሎ ተመልከቱ፤ በኦክቶበር የምትደርሱት የሚቀጥለውን ጠብቁ። ትልቁ የቶኪዮ ካንዳ ማትሱሪ ደግሞ የሚከበረው በጎዶሎ ዓመት ብቻ ነው፣ ያንን ሳታዩ ትኬት አትቁረጡ። ሃንቴን በቁጥር ስለሆነ ቶሎ ያልጠየቀ አያገኝም፣ የቁመታችሁን ልክም በሴንቲሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ወረቀቱ ላይ ስልክ አለ፤ በስልክ ጃፓንኛ ማውራት ካስፈራችሁ በአካል ሂዱ፣ ብዙ ጊዜ አስተባባሪው ባለ ሱቅ ስለሆነ ሱቁ ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ አንድ ነገር ገዝታችሁ ጠይቁት።